ወደ ቢራችን ስለተመለስንበት ጉዳይ

ለክቡር የማተሚያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋናና አንዳንድ ጥቃቅን ቅሬታዎችን ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጣፈጠ፣ ጨጓራዎ የተረጋጋ፣ እስክሪብቶዎም ቀለም የማይነጥፍበት እንዲሆን ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔ የእርማት ክፍሉ አራሚ፣ በእርስዎ አጠራር «ያ ቀይ እስክሪብቶ ያለው ሰውዬ»፣ ደህና ነኝ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤም አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ይደልቃል፤ ይህ ግን ጠዋት ጠዋት ከሚታደለን ቡና የመጣ ስለሆነ እንደ ሥራ ውጤት እንጂ እንደ ሕመም እንደማይቆጠር በስብሰባ ተነግሮኛል።

እኔን ያገዱበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ አክብሮቱ፣ ስለ ማኅተሙ፣ በተለይም ስለ ፖስታው ጥራት አመሰግናለሁ። ይህንን የምጽፍልዎ እዚያው እርማት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው። የታገደ ሰው ወንበሩ ላይ ምን ይሠራል ብለው መቆጣትዎ አይቀርም፤ እባክዎ ጥቂት ይታገሡኝ፣ ወደ በኋላ አብራራለሁ፣ ያን ጊዜም ትእዛዝዎን ከማንም ሠራተኛ በላይ እየፈጸምኩ መሆኔን ራስዎ ይመሰክሩልኛል። ደብዳቤዬን ግልጽ አድርጌ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በክፋት አይደለም። ወደ ቢሮዎ የሚገባ ወረቀት ሳይነበብ የመፈረም ዕድል ስለሚገጥመው፣ ይህኛውን ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው።

ነገሩን ላልሰሙ አንባቢዎች ስል ከመነሻው ልጀምር። ከምሳ በኋላ ሠራተኛው እየተንጠባጠበ መግባት አመጣ። እርስዎም ተቆጡ፣ መቆጣትዎም ተገቢ ነበር። ጸሐፊዎ እስክትመለስ እንኳ ሳይጠብቁ በገዛ ስልክዎ ማስታወቂያ ጻፉ፣ አሳተሙ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አስመቱ፣ ሰሌዳው ላይም አስለጠፉ። እንዲህ ይል ነበር፦ «ማንኛውም ሠራተኛ የምሳ ሰዓት እንዳበቃ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ቢራው እንዲመለስ፣ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅም ቢራውን ትቶ እንዳይወጣ በጥብቅ አሳስባለሁ።»

ሁለቱም ቦታ ላይ ቢሮ ለማለት ነበር። በማንም ላይ የሚደርስ የአንዲት ፊደል መንሸራተት ነው። ስልክ የባለቤቱን ልማድ እያየ ቃል ያቀብላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር የለሁበትም። እንግዲህ ሥራዬ እርማት ነው፣ የተሳሳተ ፊደል ሳይ እጄን ይበላኛል። ሁለቱንም «ራ» በቀይ ሰርዤ «ሮ» አደረግሁ፣ እንደ ሥራችን ወግም በጎኑ «ታርሟል» ብዬ ጽፌ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ምስጋና አልጠበቅሁም፤ አራሚን ማን አመስግኖ ያውቃል።

በዚያው ቀን ስብሰባ ተጠራ። እርስዎም ማስታወቂያውን ከነቀይ ምልክቱ ከፍ አድርገው አሳዩንና እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለውን ቃል ተናገሩ፦ «እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ስሕተት የለም። ስሕተት የመሰለው ሰው ካለ፣ ገና አልገባውም ማለት ነው።» ከዚያም ነገሩ የታሰበበት መሆኑን አስረዱን። ቡናና ቢራ በሰው አንጎልና በሥራው ላይ ስለሚያመጡት ለውጥ በቅርቡ አንብበዋል፤ ምን ያህል በቅርቡ እንደሆነ አጠገብዎ የተቀመጥን ሁሉ ስልክዎ ላይ አይተናል። ቡና ትኩረት ስለሚሰጥ ጠዋት ቡና፣ ቢራ የታሰረ ሐሳብ ስለሚፈታ ከሰዓት ቢራ። ስለዚህ ማስታወቂያው የአዲሱ አሠራር መግለጫ እንጂ ከቢሮ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። የሰው ኃይል ኃላፊው ቀድመው አጨበጨቡ። እኛም እሳቸውን እያየን አጨበጨብን። በማግስቱ ፔርሙሶቹና የቢራ ሳጥኖቹ ወረቀት በምናመላልስበት ጋሪ ተጭነው ገቡ።

ክቡር ሆይ፣ ከሳይንሱ ጋር ጠብ የለኝም። እኔም በበኩሌ አነበብኩ። ቡና ለካ ጉልበት አይጨምርም። አንጎል ሲሠራ ሲውል አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀምና «ደክሞሃል፣ እረፍ» የሚል መልእክት ይዞ ይመጣል፤ ቡናው የዚያን መልእክተኛ ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ እዚያው አለ፣ የሚናገርለት ጠፋ እንጂ። ቢራ ደግሞ አንጎላችን ውስጥ «ቆይ፣ ይሄ ልክ ነው?» እያለ የሚጠይቀውን ክፍል ያስተኛዋል። ጠያቂው ሲተኛ ሐሳብ ያለ ከልካይ ይወጣል፤ ሐሳብ ለሚያመነጭ ሰው ይህ ምናልባት ደግ ነው። እኛ ግን እርማት ክፍል ነን። የተቀጠርነው «ቆይ፣ ይሄ ልክ ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ነው። ለዚህ ክፍል ቢራ ማደል ለጥበቃ ሠራተኛ ትራስ እንደ መስጠት መሆኑን በትሕትና ካሳሰብኩ በኋላ ወደ ጥቃቅን ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

፩. ስለ ጠዋቱ

በክፍላችን ሦስት ሰዎች አለን። ከእኔ ሌላ፣ በየሁለት ቃሉ መካከል ትንፋሽ ካልወሰዱ መናገርም መጻፍም የማይሆንላቸው እትዬ ነጠላ ሰረዝ አሉ፤ ማንኛውንም ክርክር በአንዲት ቃል የሚዘጉት ጋሽ አራት ነጥብም አሉ። ስሞቹን ያወጣነው እኛው ነን፣ ባለቤቶቹም ለምደዋቸዋል።

እትዬ ነጠላ ሰረዝ ቀድሞ አንድን ገጽ እንደ ሩዝ ለቀማ በዝግታ ነበር የሚያዩት። አሁን ፔርሙሱ ባዶ እስኪሆን እየተቀዳላቸው ገጹን ከማንበባቸው በፊት ይጨርሱታል። ትኩረት አላቸው፣ ይህን አልክድም። ችግሩ ትኩረቱ የት ላይ እንደሚያርፍ አለመታወቁ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋቱን ሙሉ የጠረጴዛቸውን እግር ሲያጠብቁ ዋሉ። ከዚያ የባሰው ግን እሳቸው እጅ የገባ ጽሑፍ ሁሉ ትእዛዝ እየሆነ መውጣቱ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የግጥም መድበል ሰጥተውን ነበር። «ናፍቀሽኛል፣ ብትመጪ ምን አለበት» የሚለውን ስንኝ እትዬ «በአስቸኳይ ተመለሺ» ብለው አረሙት። መጽሐፉ ታተመ፣ እኅቷ ዘንድ የሰነበተችው የመምህሩ ሚስትም አንብባ፣ ምን መጣ ብላ ደንግጣ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለሰች። መምህሩ ናፍቆታቸው ስላለቀባቸው ሁለተኛውን መድበል መጨረስ አቅቷቸው፣ ስንኙን ወደ ነበረበት መልሱልኝ እያሉ ይመላለሳሉ።

ጥያቄያችን ቀላል ነው። ቡና ጠልተን አይደለም፤ እኔ ራሴ ማለዳ አንድ ስኒ ካልጠጣሁ ሰው አላናግርም። ቡናው ግን ይጠጣ ሲባልና እስኪያልቅ ድረስ በኃላፊ ፊት ይጠጣ ሲባል ልዩነት አለው። እርስዎ ለጨጓራዎ ሲሉ ለብ ያለ ውኃ ብቻ እንደሚጠጡ እናውቃለን፣ ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኛም ጨጓራ ያለን መሆኑ በማኅደራችን ውስጥ ይያዝልን።

፪. ስለ ከሰዓቱ

ጋሽ አራት ነጥብ ይህ ቤት ሲከፈት ጀምሮ ያሉ ሰው ናቸው። ለማመስገን እንኳ «እሺ» የምትለው ቃል ትበቃቸው ነበር። ከቢራው በኋላ ግን ልባቸው ተከፈተ። የወረቀት መቁረጫውን ባለሙያ አቅፈው ይመርቁታል። የማያሳዝናቸው ነገር የለም፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ እያረሙ «ማሽኗን ከዐቅሟ በላይ አትሙሉ» የሚለው ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «እሷም ነፍስ አላት» የሚል አከሉበት። እንዲሁ ታተመ። አስመጪው ድርጅት ሊቆጣ ሲዘጋጅ፣ ደንበኞቹ ለማሽኗ ስም ማውጣት መጀመራቸውን ሰምቶ ቅሬታውን ተወው።

እስከዚህ ድረስ እኔም እስቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ግን አንድ ገጽ ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው፤ መጀመሪያው መስመር ላይ ተማሪ እንኳ የማያልፈው ስሕተት ነበረበት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ ደግመው አዩት። ከዚያ ፈገግ ብለው «ስሕተቱ አልታይ አለኝ እኮ፤ ሁሉም ደስ ይላል» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የዚያን ሰው ዓይን በዚህ ቤት ማንም አልፎት አያውቅም ነበር። ፈገግታቸውን ሳይ ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ይህንን በቢራው አያሳብቡብኝ፣ የእኔ ጠርሙስ ያን ቀን አልተከፈተም።

በዚሁ ርዕስ ሥር የመጸዳጃ ቤቱን ጉዳይ ባነሳ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ጠዋት ቡና፣ ከሰዓት ቢራ የሚጠጣ ሠራተኛ ያለው፣ መጸዳጃ ቤቱ ግን አንድ የሆነ ማተሚያ ቤት ሥራውን የሚሠራው ሰልፍ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚህ ወር የተሳካልን ነገር ሁሉ እዚያ ሰልፍ ላይ የተወሰነ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊው ሰልፉን ለማስቀረት የተራ ሰሌዳ አውጥተው በሩ ላይ ለጠፉ፤ ራሳቸው ግን ተራቸው እስኪደርስ መጠበቅ አቅቷቸው ሰሌዳውን ገንጥለው ገቡ።

፫. ሦስተኛው ቅሬታ

ይህን የጻፍኩት ጠዋት ከቡናው በኋላ ስለነበር ሳነበው ትእዛዝ ሆኖ አገኘሁት። ለእርስዎ ትእዛዝ መስጠት ነውር ስለሆነ ቀድጄዋለሁ።

፬. ስለ ቤቴ

በመጀመሪያው ቀን ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አሸተተችኝ። የሥራ ጉዳይ ነው አልኳት። ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ይህ እንደሚመጣ ስላወቅሁ የማስታወቂያዎን ቅጂ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ማኅተሙንም በጣቷ ዳበሰችና እንዲህ አለች፦ «ጠጥተው የሚገቡ ባሎች ሰበብ ሲፈጥሩ ብዙ ሰምቻለሁ። ሰበቡን ማኅተም አስመትቶ የመጣ ግን ያንተ የመጀመሪያው ነው።» ነገሩ እናቷ ጆሮ ደረሰ። አማቴ ከዚያ ወዲህ ስሜን ትተው «ባለማኅተሙ እንዴት ዋለ» እያሉ ይጠይቃሉ። ቤተሰቤ ውስጥ ስላገኘሁት አዲስ ማዕረግ ባለ ውለታዬ እርስዎ ነዎት።

፭. ስለ ቀይ መብራቱና ስለ እኔ መታገድ

እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን ልተው፣ ካልቻልኩም ይታገሡኝ። ለመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች የሚሆን መመሪያ እንድናትም ተሰጠን። መጽሐፉ ውስጥ «ቀይ መብራት ሲበራ ይቁሙ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ጤነኛ፣ አጭር፣ ማንንም ያልበደለ። ጠዋት እትዬ ነጠላ ሰረዝ ዘንድ ደርሶ «ቀይ መብራት ሲበራ ቁም፣ አትነቃነቅ፣ ምክንያት አታቅርብ» ሆኖ ወጣ። ከሰዓት ጋሽ አራት ነጥብ እጅ ገባ። በጣም ተቆጡ፣ ሰው እንዲህ አይባልም አሉ፣ አለሳልሰውም እንዲህ አደረጉት፦ «ቀይ መብራት ሲበራ ቢቆሙ ደስ ይለናል፤ ቸኩለው ከሆነም ይገባናል።» ስለ እግረኛ ቅድሚያ የሚናገረውም ገጽ «እግረኛውም ሰው ነው፣ ተነጋገሩ» ብሎ ያበቃል።

የመጨረሻውን «ይታተም» የምፈርመው እኔ ነኝ። ግጥሙንና የማሽኗን መመሪያ እየሳቅሁ ፈርሜ አሳልፌያቸው ነበር፤ ይህን ግን አልፈርምም አልኩ። ረቂቁን ይዤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ይህን መጽሐፍ አጥንቶ መሪ የሚይዘው ሰው በእኛው መንገድ ላይ እንደሚነዳ፣ በመንገዱ የሚያቋርጡትም የእኛው ልጆች እንደሆኑ ነገርኩዎ። እርስዎም ቀና ሳይሉ አሠራሩ ገና እንዳልገባኝ ነገሩኝ። ከዚያ ፖስታው መጣ።

ፖስታውን ተቀብዬ ወዲያው ልከፍተው አልደፈርኩም፤ ደፋር መስዬ ልታይዎ አልፈልግም። ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ አላውቅም፣ ሌላም አልፈልግም። ሰው የሚሰናከልበትን ፊደል ከመንገዱ ላይ ማንሳት ደስ ይለኛል፣ ማንም ባያየኝም ደስ ይለኛል። ይህ ወንበር ከእኔ ከተወሰደ ምን እንደምሆን እያሰብኩ ደብዳቤውን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። እንደሚከተለው ይነበባል፦ «ለፈጸሙት ተደጋጋሚ የመታዘዝ ጉድለት ከዛሬ ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ ከቢራ የታገዱ መሆኑን አስታውቃለሁ። የጥበቃ ክፍሉም ወደ ቢራ ዝር እንዳይሉ ጥብቅ ቁጥጥር እንዲያደርግ ታዟል።»

ደግሜ አነበብኩት። እጄን በላኝ፣ ቀይ እስክሪብቶዬንም አወጣሁ። ከዚያ ግን እርስዎ በፈረሙበት ወረቀት ላይ ስሕተት እንደሌለ ትዝ አለኝና እስክሪብቶውን ወደ ኪሴ መለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ በር ላይ ስደርስ የጥበቃ ሠራተኛው የራሱን ግልባጭ ይዞ ጠበቀኝ። ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበልኝና «እኔ የታዘዝኩት ከቢራ እንዳስጥልዎ ነው፤ ይግቡ» አለኝ። ትእዛዙንም በሚገባ እየፈጸመ ይገኛል። በየቀኑ ከሰዓት ላይ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣና ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠውን ድርሻዬን አንስቶ ይሄዳል። ወዴት እንደሚወስደው አልጠየቅሁትም፤ ብቻ ሲመሽ ሲመሽ የሚወጣውን ሠራተኛ ሁሉ እየመረቀ ይሸኛል።

በዚህ ምክንያት፣ ክቡር ሆይ፣ ከምሳ በኋላ በዚህ ሕንጻ ውስጥ ጠያቂው ያልተኛበት አንድ አንጎል ቀርቷል፣ እሱም የእኔ ነው። የመንጃ ፈቃዱን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አርሜዋለሁ። ቀይ መብራት ሲበራ ይቆማል። እግረኛ ቅድሚያ ያገኛል፣ ከማንም ጋር መነጋገር አይጠበቅበትም። «ይታተም» ብዬ ፈርሜበት ለማሽን ክፍሉ አስረክቤያለሁ፤ እርስዎ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት ሳይታተም አልቀረም።

እንግዲህ የቀረው የእኔ ጉዳይ ነው። የእግድ ደብዳቤው ላይ የፊደል ስሕተት ገብቷል፣ ከቢሮ ለማለት ነው ካሉ፣ እርስዎ በፈረሙበት ወረቀት ላይ ስሕተት ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ እንግዲያስ ማስታወቂያውም ስሕተት ነበረ፣ ማረሜም ትክክል ነበረ፣ ፔርሙሱና ሳጥኑም ወደ መጡበት ይመለሳሉ፣ እኔም የታገድኩበት ምክንያት የለም። ስሕተት የለበትም ካሉ ደግሞ የታገድኩት ከቢራ ነውና በደስታ ተቀብያለሁ፣ ከወንበሬ የሚያስነሳኝም የለም። ከሁለቱ የሚስማማዎትን ይምረጡ፤ የመረጡትን በቀይ እስክሪብቶ ቢልኩልኝ ደግሞ አከብረዋለሁ። ቡና ደክሞናል የሚለውን ዝም ያሰኛል፣ ቢራ ልክ ነው ወይ የሚለውን ዝም ያሰኛል፤ እርስዎ እኔን ዝም ለማሰኘት ፖስታ መረጡ። ከሦስቱ ደካማው ፖስታው ሆኖ ስለተገኘ አዝናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሰጡን ንቃትና ለሰጡን ፍዘት፣ ለባለቤቴ ሣቅ፣ ለመምህሩ ሚስት መመለስ፣ በተለይም ሕጋዊ በሆነ ደብዳቤ ከመጠጥ ላላቀቀኝ እጅዎ ያለኝን የማያልቅ ምስጋና በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ከቢራ የታገዱት
የእርማት ክፍል አራሚ
(ከወንበራቸው ላይ)

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል ኃላፊው (ተራቸው ሲደርስ እንዲያነቡት)
ለጥበቃ ክፍል (ከከበረ ሰላምታ ጋር)
ለአማቴ (ባሉበት)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት እንደ ልማዴ ለእርማት አንብቤው ነበር። አንድ ስሕተት ብቻ አግኝቼበታለሁ፤ እሱም በራስጌው ላይ ያለው «ክቡር» የሚለው ቃል ነው። እንዳርም ስላልተፈቀደልኝ እንዳለ ትቼዋለሁ።